ካላንደሩ የሸፈነው ቦታ ለምን ይበልጥ ቢጫ ሆነ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ለእህቴ ሰርግ ብለን ቤቱን በሙሉ አሳደስን። ግድግዳው ፕላስቲክ ቀለም ተቀባ። አምስቱ የውስጥ በሮች፣ መቃኖቹና ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ደግሞ ነጭ ሲንቴቲክ። ሁሉም በአንድ ሳምንት አለቀ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው በሮቹ ቅቤ መሰሉ። የመኝታ ቤቱ በር ላይ የሰቀልነውን ካላንደር ሳነሳው ደግሞ ከስሩ ያለው ከሌላው የባሰ ቢጫ ነው። ጭስ የማያገኘው ቦታ እንዴት ባሰ? የጓዳው በር ላይ ደግሞ ሳንቲም የሚያካክሉ ቡናማ ክቦች ወጥተዋል። ቀቢው ‹ቀለሙ ጊዜው ያለፈበት ነው› ይላል። ሻጩ ‹ቀቢው ቲነር አብዝቶበት ነው› ይላል። ጎረቤታችን በበረኪና እጠቡት አለችን። ወይስ በላዩ ሌላ ነጭ ብንደርብበት ይሻላል?»

ቀቢውም ሻጩም ተሳስተዋል። ጊዜው ያለፈበት ሲንቴቲክ ቀለም ቆርቆሮው ውስጥ ቆዳ ያወጣል፣ ይጓጉላል፣ ከተቀባም በኋላ አልደርቅ ብሎ ያስቸግራል። በደንብ ደርቆ፣ አምሮ፣ ሰርጉን አሳልፎ ከወራት በኋላ ቢጫ መሆን የዚያ ምልክት አይደለም። ቲነር ሲበዛም ቀለሙ ይሳሳል፣ ይንጠባጠባል፣ የስሩን አይሸፍንም። ቢጫ ግን አያደርገውም።

ከሁሉም የሚበልጠው ስህተት ግን ሁሉም ችግሩን አንድ አድርገው ማየታቸው ነው። እርስዎ ቤት ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ምናልባትም ሦስት። ቅቤ የመሰለው አንድ ነው። ቡናማው ክብ ሌላ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። የትኛው የት እንዳለ ሳይለዩ ቆርቆሮ ቀለም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከካላንደሩ ልጀምር። ምክንያቱም እርስዎን ግራ ያጋባዎት ነገር ነው መልሱን የያዘው። ጥፋቱ የጭስ ቢሆን ኖሮ ካላንደሩ የሸፈነው ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ሳሎን ውስጥ ለዓመታት ተሰቅሎ የኖረ ፎቶ ሲነሳ ስሩ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታይ የለ? እርስዎ ቤት የሆነው ተቃራኒው ነው። የተሸፈነው ነው የባሰው። ስለዚህ ቀለሙ ላይ የመጣበት ነገር ሳይሆን ያጣው ነገር አለ። ያጣውም ብርሃን ነው።

ሲንቴቲክ የምንለው ቀለም ማያያዣው ከዘይት የሚሠራ ነው። ባለሙያዎች አልኪድ ይሉታል። ዘይቱ የአኩሪ አተር ሊሆን ይችላል፣ የተልባም ሊሆን ይችላል። አዎ፣ በጾም በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ። ይህ ቀለም ሲደርቅ መጀመሪያ ቲነሩ ይተናል። ከዚያ ዘይቱ ከአየር ላይ ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ይህ ሥራ በጣታችን ነክተን «ደርቋል» ባልንበት ቀን አያቆምም። ለወራት፣ ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። በዚህ መሀል ቢጫነት ያላቸው ነገሮች ይፈጠራሉ። የቀን ብርሃን ሲያገኛቸው ያነጣቸዋል። ብርሃን ሲያጡ ይጠራቀማሉ። ከካላንደር ስር፣ ከበር ጀርባ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ኮሪደር ላይ ቢጫው የሚብሰው ለዚህ ነው። ከተልባ የተሠራው ከአኩሪ አተሩ ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። ቆርቆሮው ላይ ግን ይህን የሚጽፍ እምብዛም የለም።

ይህን ነገር እኔም በጀማሪነቴ አላውቀውም ነበር። ባህር ዳር አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ቁም ሳጥኑ ከውጭ ነጭ ነው። ሲከፈት ውስጡ የእንቁላል አስኳል። ባለቤቷ የብል መከላከያ ክኒን ታስቀምጥ ስለነበር ጥፋቱን በእሱ ላይ ጫንኩ። ውስጡን በዚያው ሲንቴቲክ ደግሜ ቀባሁት። ገንዘቤንም ተቀበልኩ። በዓመቱ ያው አስኳል። ሁለተኛውን ቅብ በነጻ ነው የሠራሁት።

እርስዎ ቤት ነገሩን ያፋጠነው አንድ ነገር አለ። ግድግዳውም በሩም በአንድ ሳምንት አለቀ ብለዋል። ብዙ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለሞች ውስጥ ጥቂት አሞኒያ አለ። ግድግዳው ሲደርቅ እሱ ይተናል። አዲስ የተቀባ ሲንቴቲክ ይህን አየር ሲያገኝ ቢጫነቱ ይፈጥናል። የጥር ብርድ ደግሞ መስኮት ያዘጋል። በዚያ ላይ ሰርግ ደርሷል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ቀቢው ይጣደፋል። በጎጃም ጥር ላይ ስንት ነጭ በር እንዲህ እንደተበላሸ እኔ ነኝ የማውቀው። ግድግዳው ቀድሞ ተቀብቶ ቤቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት መስኮቱ ተከፍቶ ቢናፈስ፣ በሩ ከዚያ በኋላ ቢቀባ ይሻል ነበር። ቢጫነቱ ባይቀርም ይዘገይ ነበር።

ማረጋገጥ ከፈለጉ ካላንደሩን አይመልሱት። መጋረጃውን ገልጠው በሩ የቀን ብርሃን እንዲያገኝ ያድርጉ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ያ አራት ማዕዘን ከዙሪያው ጋር እየተቀራረበ ከመጣ ነገሩ ያለቀለት ነው፣ ያልኩዎት ነው። ሙሉ በሙሉ ይነጣል ብለው ግን አይጠብቁ።

ይህ ማለት ጭስ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ቡና በቀን ሦስቴ የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት፣ ከሰል ቤት ውስጥ የሚነድበት ቤት ከሆነ ስስ ቅባት ያለው ጥቀርሻ እንጨቱ ላይ ይቀመጣል። ከሰሉ ከአዊ ዞን የመጣ የዲከረንስ ዛፍ ይሁን የሌላ እንጨት ለውጥ የለውም። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ የበሩ ላይኛው ጫፍና የመቃኑ ራስ ይበልጥ ይጠቁራል። ምርመራው ቀላል ነው። ነጭ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃና በላርጎ ነክረው የመቃኑን ራስ ይሹት። ጨርቁ ላይ ቡናማ ከወጣ ቆሻሻ ነው፣ ይታጠባል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከተመለሰና በሩ ቢጫ እንደሆነ ከቀረ ቢጫው ራሱ ቀለሙ ውስጥ ነው። የትኛውም ሳሙና አያወጣውም። ሲያጥቡ ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይሂዱ። ከላይ ከጀመሩ የቆሸሸው ውሃ በደረቁ ላይ እየወረደ መስመር ይተዋል፣ ያ መስመር ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

አሁን ወደ ቡናማዎቹ ክቦች። ይህ ሌላ ታሪክ ነው። የቀቢውም ጥፋት ያለው እዚህ ነው።

እኛ አካባቢ የውስጥ በር ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከፈረንጅ ጽድ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ለአናጺ ይመቻል፣ ከዋንዛ ይረክሳል። ግን ጉጥ ይበዛበታል። ጉጥ ማለት ቅርንጫፉ ከግንዱ የወጣበት ቦታ ነው፣ ሳንቃው ላይ ክብ ዓይን ሆኖ የሚታየው። ያ ቦታ ሙጫ ይይዛል። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ በር ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሲንቴቲኩ ሲቀባ ውስጡ ያለው ቲነር ሙጫውን ያሟሟዋል። ከዚያ የቤቱ ሙቀት ሥራውን ይጨርሳል። ከአምስቱ በሮች የጓዳው ብቻ ክብ ያወጣው ለምን ይመስልዎታል? ምድጃው እዚያ ስለሆነ ነው። ሙቀት ሙጫውን ያለሰልሰዋል፣ ወደ ላይም ያወጣዋል።

ከአንዱ ክብ ላይ ቀለሙን በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርገው ፋቅ ያድርጉት። ከስሩ ጠቆር ያለ፣ ቀለበት ቀለበት የሆነ እንጨት ካገኙ ጉጥ ነው። በጣትዎ ሲጫኑት ቢያጣብቅ፣ ሲያሸቱትም ልክ አናጺ ቤት ሲገባ የሚያውደው የጽድ ሽታ ቢመጣ ሌላ ምስክር አያስፈልግዎትም። ሙጫው ገና በሕይወት አለ።

በዚህ ላይ ነጭ መደረብ ዋጋ የለውም። ሁለት ጊዜ ቢደርቡም ሦስት ጊዜ ቢደርቡም ክቡ ይመለሳል። ሙጫው ለእያንዳንዱ ቅብ እየሟሟ ይከተለዋል። የሚያቆመው ጎማላካ ነው። አናጺዎች ለፖሊሽ የሚጠቀሙበት ያው ጎማላካ። በስፒሪቶ ስለሚሟሟ ሙጫውን አጥሮ ይይዘዋል፣ የሲንቴቲኩ ቲነርም እሱን አያሟሟውም። ወደ 250 ግራም ጎማላካ በ1 ሊትር ስፒሪቶ ይዘፍዝፉ፣ ይደር፣ በስስ ጨርቅ ይጥለል። የብረት ጣሳ ውስጥ አያድርጉት፣ ይጠቁራል። ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን። ስፒሪቶ እሳት ይጠራል። የቡናው ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ዕቃውን እንዳይከፍቱ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ክቡ ላይ ያለውን ቀለም እስከ እንጨቱ ይፋቁ። በስፒሪቶ በነከሩት ጨርቅ ሙጫውን ይጥረጉ። ከዚያ ጎማላካውን በስሱ ሁለት ጊዜ፣ ከጉጡ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር እያሳለፉ ይቀቡ። በአንዱና በሁለተኛው መካከል አንድ ሰዓት ይበቃል። ገደቡንም ልንገርዎ። ጉጡ ትልቅ ከሆነና ሙጫው ጠብ እያለ ከሆነ ጎማላካም አይችለውም። ያን ጉጥ አናጺ በመሮ ያውጣው፣ ቦታው በእንጨት ይሞላ፣ በስቱኮ ይስተካከል። ጎማላካ ውሃ አይወድም። ስለዚህ የመታጠቢያ ቤት በር ታችኛው ጫፍ ላይ አይመኩበት።

ስለ እንጨት ካነሳሁ አይቀር፣ እርስዎ ያልጠየቁትን ግን ሌሎች የሚያጋጥማቸውን ባጭሩ ልበል። መቃኑ ከባህር ዛፍ ከሆነና ከታች በኩል ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ቡናማ መስመር ካወጣ ያ ሙጫ አይደለም። እንጨቱ ውስጥ ያለ ታኒን ነው፣ ሻይ ውስጥም የሚገኝ ነገር፣ ውሃ ሲያገኘው ይወጣል። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ። ምስማር ዙሪያ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚሄድ ነጠብጣብ ካለ ደግሞ ዝገትና ታኒን ተገናኝተው ነው። ሻይ ብርጭቆ ውስጥ የዛገ ምስማር ጥለው ቢያሳድሩት ሻዩ ይጠቁራል። ያው ነው። የምስማሩ ራስ ወደ ውስጥ ይመታ፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ይቀባ፣ በስቱኮ ይደፈን።

በረኪናውን በተመለከተ ጎረቤትዎ ከየት እንዳመጣችው ይገባኛል። ክረምት ላይ ቁም ሳጥን የተጠጋው ዞኮሎ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ያወጣል። ያ ሻጋታ ነው። በረኪና በውሃ ቀጥኖ ሻጋታን ያጠፋል። የእርስዎ ቢጫ ግን ሻጋታ አይደለም፣ ቡናማውም አይደለም። በረኪና የቀለሙን ማንጸባረቅ ይበላዋል፣ ቢጫውን ግን ባለበት ይተወዋል። ሻጋታ ላይ ሲጠቀሙም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉት። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ ነጭ መሆኑን ትቶ ክሬም መቀባት ነው። ሰው ይንቀዋል እንጂ የሚረክሰው መንገድ ይህ ነው። ሲንቴቲኩ ቢጫ መሆኑ አይቀርም፣ ክሬም ላይ ግን አይታይም። ድሮ የነበሩ ቀቢዎች ነጩ ላይ ጠብታ ቢጫ የሚጨምሩት ወደው አልነበረም። ሁለተኛው፣ ቀለሙን ሁሉ ፍቆ እንጨቱን በቫርኒሽ መተው ነው። ዋንዛ ቢሆን እኔ ራሴ እለምንዎት ነበር። ለፈረንጅ ጽድ በር ግን ድካሙን አያወጣም። ሦስተኛው፣ ዘይቱን ትቶ በውሃ ወደሚቀጥን አክሪሊክ የእንጨት ቀለም መዞር ነው። ዘይት ስለሌለው በጨለማም ነጭ ሆኖ ይቆያል።

ነጭ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካሉ የምመክርዎት ሦስተኛውን ነው። ሲንቴቲክ በሲንቴቲክ ላይ አይደርቡ። የፈለገው ውድ ቢሆን፣ የፈለገው ቆርቆሮ ላይ «እጅግ ነጭ» ቢል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። የግድግዳውንም ፕላስቲክ ቀለም በር ላይ አያስቀቡ። አንዳንድ ቀቢ «ያው በውሃ ነው» ይላል። ያው አይደለም። የግድግዳ ቀለም በር ላይ እጅ በነካው ቁጥር ይቆሽሻል፣ ሲዘጋ መቃኑ ላይ ይጣበቃል፣ ሲከፈት ይላጣል። ቆርቆሮው ላይ ለእንጨት መሆኑ የተጻፈበትን ይፈልጉ። ደብረ ማርቆስ ካጡት ከባህር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይኖርብዎት ይሆናል። ለአምስት በር ከነመቃኑ፣ ለሁለት ቅብ፣ 5 ሊትር አካባቢ ይበቃዎታል። ዞኮሎውን ጨምረው ያስቡ።

አክሪሊክ ግን የለመዱት የሲንቴቲክ ልማድ አይሠራለትም። በዘይት ቀለም ላይ እንዲሁ ከቀቡት በጥፍር ይላጣል። መጀመሪያ በላርጎ ይታጠብ፣ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ። ከዚያ በ180 ወይም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማንጸባረቁ እስኪጠፋ ይፈተግ። አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ጉጦቹ በጎማላካ ይያዙ። በላዩ አክሪሊክ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቀለሙ ሁለት ጊዜ። ሙሉውን ከመጀመርዎ በፊት ከበሩ ጀርባ መዳፍ የምታህል ቦታ ይሞክሩ። ሦስት ቀን ቆይተው በጥፍርዎ ይቧጥጡት። ካልተላጠ ይቀጥሉ። ከተቀባ በኋላም በሩን ለጥቂት ቀናት ገርበብ አድርገው ይተዉት እንጂ አይዝጉት። ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ገና ለስላሳ ነው።

የደብረ ማርቆስን ብርድ ደግሞ አይርሱ። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ይጀመር፣ እስከ 8 ሰዓት ይጠናቀቅ። ማታ ቀብቶ ማደር የለም። ክረምቱ ውስጥ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ስለዚህ አሁን አያስጀምሩት። ጥቅምት ሲጋመስ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ይሻላል።

ከብርጭቆ ወረቀቱ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። ቤቱ የቆየ ከሆነ ከስር ያሉት አሮጌ ቅቦች እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል። እርሳስ የልጅ አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በሀገራችን የቀለም እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚያዝዘው ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ ነው፣ ከዚያ በፊት የተቀባውን ግን አይመኑት። ደረቁን አይፈትጉ። ወረቀቱን በውሃ እያራሱ ይሥሩ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ከቤት ይውጡ። ፍቅፋቂውን ምድጃ ውስጥ እንዳይጥሉት፣ በፌስታል አስረው ያስወግዱት።

ከአንዱ በር ላይ የተቀባው ምን እንደሆነ ከተጠራጠሩ ጥጥ በስፒሪቶ ነክረው ይሹት። ቀለሙ ለስልሶ ጥጡ ላይ ከወጣ በውሃ የሚሠራ ነው። ንቅንቅ ካላለ የዘይት ነው።

የቀቢውና የሻጩ ክስ ቀርቷል። ሻጩ የሸጠልዎት ሲንቴቲክ ሲንቴቲክ የሚሆነውን ሆኗል፣ ገንዘብ የሚያስመልስ ነገር አላይበትም። ቀቢው በቢጫው አይጠየቅም። ጉጥ እያየ ጎማላካ ሳይነካው በማለፉ ግን ይጠየቃል። የጓዳውን በር በነጻ እንዲሠራልዎት ይንገሩት። ጎማላካውን እርስዎ ይግዙ፣ ድካሙ የእሱ ይሁን። ሌሎቹን አራት በሮች ጥቅምት ላይ ሲያሠሩ ዋጋውን እንደ አዲስ ይነጋገሩ።